የተጣበቀ አንጀት፦ ከፈረስ ቀዶ ጥገና ታሪክ

የፈረስ ሆድ ተከፍቶ እንስሳው ሊተርፍ መቻሉ በታሪክ ሚዛን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ሃሎቴን የተባለው በትንፋሽ የሚሳብ ማደንዘዣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለሕክምና መዋል ከጀመረ ወዲህ ይህን ግዙፍ እንስሳ ለረጅም ሰዓት አስተኝቶ አንጀቱን ማየት እየቀለለ ሄደ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹም የፈረስ ሆድ ቁርጠት፣ በተለይም አንጀት ሲጠማዘዝ የሚመጣው፣ በቀዶ ጥገና የሚታከም ሕመም ሆነ። ይሁን እንጂ ከቀዶ ጥገናው የተረፈው ሁሉ አልዳነም፤ ከሳምንታት በኋላ ቁርጠቱ አገርሽቶ ሆዱ ዳግም ሲከፈት፣ አንጀቱ እርስ በርሱ ወይም ከሆድ ግድግዳ ጋር በጠባሳ ተጣብቆ፣ አንዳንዴም በጠባሳው ታንቆ ይገኝ ነበር።

የመጣበቁ መነሻ ሰውነት ራሱን ለማዳን የሚሠራው ሥራ ነው። የሆድ ዕቃን የሚያለብሰው ፔሪቶኒየም የተባለው ስስና እርጥብ ሽፋን ሲፋቅ፣ ሲደርቅ ወይም ደም ሲያጥረው፣ ደም ሲረጋ የሚፈጠረው ፋይብሪን የተባለ ፕሮቲን ቁስሉ ላይ ይጋገራል። ጤናማ ሽፋን ይህን ፋይብሪን የማሟሟት ኃይል ስላለው አጣባቂው በጥቂት ቀናት ይጠፋል፤ ኃይሉ ሲዳከም ግን ጠባሳ ሠሪ ሕዋሳት ይሰፍሩበታል፣ የደም ሥሮች ይበቅሉበታል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜም ጠንካራ ጠባሳ ይሆናል።

ቀዶ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን የተላጠ ፔሪቶኒየም ተሰፍቶ ካልተከደነ አንጀት ይጣበቅበታል ብለው ያምኑ ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሃሮልድ ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው የአይጥ ሙከራ ይህን እምነት ገለበጠው፤ ሳይሰፋ የተተወው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ለስልሶ ሲድን፣ ተጎትቶ የተሰፋውና ደም ያጣው ግን ይጣበቅ ነበርና። ከዚህም የተነሣ ኤሊስ መጣበቅ ደም ለተቸገረ ሥጋ አዲስ የደም መንገድ የሚያበጅ ምላሽ መሆኑን አስረዳ። ጠባሳውን ከሕመምተኛው ባሕርይ ይልቅ ከቀዶ ሐኪሙ አሠራር ጋር በማያያዙ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ እርምጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የቀዶ ሐኪም ጓንትም ከተጠያቂዎቹ አንዱ ነበር፤ እጅ በቀላሉ እንዲገባበት የሚነሰነሰው የታልክ ዱቄት ሆድ ውስጥ ቁጣና ጠባሳ ማስነሣቱ ሲታወቅ በስታርች ተተካ፣ ስታርቹም ከዚሁ ጥፋት ነጻ ስላልነበረ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ዱቄት ያለባቸውን የሕክምና ጓንቶች ከአገልግሎት አገደች።

የፈረስ ሐኪሞች በበኩላቸው አንጀትን ከአንጀት በሚለይ አንሸራታች ፈሳሽ ላይ ተስፋ ጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 በድንክ ፈረሶች ላይ የተሞከረው ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ፣ ከዕፅዋት ሴሉሎስ የሚሠራ ወፍራም ዝልግልግ ነገር፣ በአንድ በመቶ ውፍረት ተበጥብጦ በኪሎ ክብደት 7 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ይህም 450 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ከ3 ሊትር በላይ ማለት ነው። ዝልግልጉ የሚፈስሰው ቁስሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ሐኪሙ ገና አንጀቱን መዳበስ ሲጀምር ጭምር ነው፤ ጣት ራሱ ሽፋኑን ይፍቃልና። ከዚህ ሌላ ሆድን በብዙ ፈሳሽ ማጠብ፣ ሄፓሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መስጠት፣ ከቁስል ጋር በቀላሉ የሚጣበቀውን ሞራ ቆርጦ ማውጣትም ተሞክሯል። ለመጣበቅ ይበልጥ የተጋለጡት ውርንጭሎች በመሆናቸው፣ ጥንቃቄው ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ አንዱም መጣበቅን ፈጽሞ አላስቀረም፤ አንጀትን ሳያደርቁ፣ በእርጥብ ጓንት፣ ሳይጎትቱና ሳይቧጥጡ መያዝ ዛሬም ከመድኃኒቶቹ ሁሉ የሚቀድም መከላከያ ነው።