ከምንጭ እስከ ማከማቻ፦ የሊኑክስ ፓኬጆችና የአዲስ እትም ክትትል ታሪክ

በመንዝ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ ሜዳ የብዙ ወንዞች ራስ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ በወንጪትና በጀማ ሸለቆ አድርጎ ከዓባይ ይገባል። በቆላው ተቀምጦ ያንኑ ውኃ የሚጠጣ ሰው ግን ምንጩ ደፍርሶ እንደሆነ፥ ወይም በላይ በኩል አዲስ ዐይን ፈልቆ እንደሆነ በጊዜው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ወሬው የሚደርሰው ከውኃው ጋር ወይም ከውኃው በኋላ ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ነፃ ሶፍትዌር ከጸሐፊው ተነሥቶ ለተጠቃሚው የሚደርስበትን መንገድ በወንዝ መስለው መናገር ከጀመሩ ቈይተዋል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ወገን «አፕስትሪም» ይባላል፤ የላይኛው ምንጭ ማለት ነው። ያንን ተቀብሎ፥ አጣርቶና አዘጋጅቶ የሚያከፋፍለው ደግሞ ከታች ያለው ወገን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናየው የምንሻው በሁለቱ መካከል ቆሞ «ዛሬ ከላይ ምን አዲስ ነገር ወጣ?» እያለ የሚጠይቀው ዘበኛ እንዴት እንደመጣና ሥራው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ነው። የውጭው ዓለም ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር ተሰጥቷል፤ በእኛ አቈጣጠር የተጻፈው ዓ.ም. የሚል ምልክት አለበት።

ሊኑክስ ተብሎ የሚጠራው ሥርዓት በመሠረቱ የአንድ ድርጅት ሥራ አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 ያወጣው የሥርዓቱን እምብርት፥ ማለትም ከርነሉን ብቻ ነበር። በዙሪያው ያሉት መሣሪያዎች፥ ጽሑፍ ማረሚያው፥ የፊደል ቅርጹ፥ ፋይል መጭመቂያው፥ ምስጢር መጠበቂያው፥ በልዩ ልዩ አገር በተቀመጡና ብዙውን ጊዜ እርስ በርስ በማይተዋወቁ ሰዎች የተሠሩ ናቸው። እነዚህን ሰብስቦ፥ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ አድርጎ በአንድ ማከማቻ የሚያኖረው ማኅበር ወይም ኩባንያ ዲስትሪቢውሽን ይባላል፤ በማከማቻው ያለው እያንዳንዱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ፓኬጅ ነው። የሕንጻ መሐንዲስ የሆኑ ባልደረቦቼ ነገሩን በራሳቸው ሥራ ቢመስሉት፥ ሲሚንቶው፥ ብረቱና ቧንቧው ከየአቅራቢው የሚመጣበትን፥ አቅራቢዎቹም ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ የዕቃቸውን ልክና ዓይነት በየሳምንቱ የሚለውጡበትን አንድ ግንባታ ያስቡ።

ከነዚህ ማኅበራት መካከል ለታሪካችን ዋናው ደቢያን ነው። ኢያን መርዶክ የተባለው አሜሪካዊ በኦገስት 1993፥ ማለትም በነሐሴ 1985 ዓ.ም. ሲመሠርተው ካስቀመጠው ልማድ አንዱ፥ እያንዳንዱ ፓኬጅ በስም የሚታወቅ አንድ ጠባቂ እንዲኖረው ማድረግ ነው። በ1996 የወጣው ደቢያን 1.1 የነበሩት ፓኬጆች 474 ነበሩ። ይህን ያህሉን በሰው ትጋት ብቻ መከታተል ይቻላል። ጠባቂው በዩዝኔት ላይ የሚወጣውን የሊኑክስ ማስታወቂያ ያነባል፤ ከደራሲው ጋር ይጻጻፋል፤ አዲስ እትም መውጣቱን ሲሰማ ምንጩን አውርዶ ፓኬጁን ያድሳል። በ1997 ፍሬሽሚት የተባለው የአዳዲስ እትሞች መዝገብ ሲከፈት ደግሞ ብዙ ባለሙያዎች ቀናቸውን እርሱን በማንበብ ይጀምሩ ነበር። ይህ መዝገብ ኋላ ስሙን ወደ ፍሪኮድ ለውጦ በ2014 መታደሱን አቋርጧል።

የፓኬጆቹ ቍጥር ግን ሲያድግ የሰው ዐይን አልበቃም። በኦገስት 2025 የወጣው ደቢያን 13 ያቀፋቸው ፓኬጆች 69,830 ናቸው። ጠባቂው የበጎ ፈቃድ ሠራተኛ ነው፤ ይታመማል፥ ያገባል፥ ሥራ ይለውጣል፥ አንዳንዴም ሳይሰናበት ይጠፋል። ያን ጊዜ ፓኬጁ ከምንጩ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መቅረቱንም የሚያውቅ አይኖርም።

መድኀኒት ሆኖ የተገኘው ነገር እጅግ ቀላል ነው። በየፓኬጁ ውስጥ «ዋች» የተባለች፥ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መስመሮች የማትበልጥ ትንሽ ፋይል ትቀመጣለች። በርሷ ላይ የሚጻፈው ሁለት ነገር ነው፤ የላይኛው ምንጭ እትሞቹን የሚያኖርበት አድራሻ፥ እንዲሁም የእትሙ የፋይል ስም የሚከተለው አጻጻፍ። «ዩስካን» የተባለው ፕሮግራም ፋይሏን አንብቦ አድራሻው ድረስ ይሄዳል፤ በዚያ ከተዘረዘሩት ስሞች አጻጻፉን የሚያሟሉትን ይለቅማል፤ ከመካከላቸውም ትልቁን ቍጥር በማከማቻው ካለው ጋር ያስተያያል። የሚበልጥ ካገኘ ለጠባቂው ይነግረዋል። በ2000ዎቹ ዓመታት ይኸው ሥራ በማእከል እየተካሄደ ውጤቱ በየፓኬጁ መከታተያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ጀመር፤ እንግዲህ ጠባቂው ቢተኛ እንኳ መተኛቱ ለሁሉ የሚታይ ሆነ ማለት ነው።

«የሚበልጥ ቍጥር» ማለት ምን እንደሆነ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ አብዛኛው ድካም የተደበቀው እዚህ ላይ ነውና። እትም 1.10 ከእትም 1.9 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በሒሳብ ትምህርት ያደገ ሰው 1.9 ይበልጣል ይላል። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን ምዕራፍ 1 ቍጥር 10 ከቍጥር 9 በኋላ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ለእትሞችም ትክክሉ የእርሱ አነባበብ ነው። ሌላም ችግር አለ። ደራሲው 2.0ን ከማውጣቱ በፊት «2.0 አርሲ 1» ብሎ የሙከራ እትም ያወጣል። ስሙ ስለረዘመ ብቻ ማሽኑ ከ2.0 በላይ አድርጎ ቢቈጥረው፥ ሙከራውን የያዘ ሰው እውነተኛው እትም ሲመጣ አይታደስለትም። ደቢያን ለዚህ ያበጀው መላ ቲልድ የምትባለውን ጠመዝማዛ ምልክት ከምንም ነገር በታች፥ ከባዶ እንኳ በታች እንድትቈጠር ማድረግ ነው። አንዳንዱ ደራሲ ደግሞ እትሙን ለዓመታት በቀን ሲሰይም ቈይቶ፥ አንድ ቀን ድንገት ከ1.0 ይጀምራል። ለእንዲህ ያለው አመለኛ ከቍጥሩ ፊት የዘመን ቍጥር የሚጨመርበት ደንብ ወጥቷል። እነዚህን ደንቦች ያነበበ ሁሉ ከያንዳንዳቸው ጀርባ የተበሳጨ ሰው እንዳለ ይገባዋል።

ሌሎቹም በየፊናቸው ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተዋል። በፌዶራ ዙሪያ የተሠራው አገልግሎት «አኒትያ» ይባላል፤ በሳንስክሪት ቋንቋ ኀላፊ፥ የማይጸና ማለት ስለሆነ ስም አወጣጡ የሚያስመሰግን ነው። ሪፖሎጂ የተባለው ደግሞ የብዙ ዲስትሪቢውሽኖችን ማከማቻ ጎን ለጎን አድርጎ ማን እንደቀደመና ማን እንደዘገየ ያሳያል።

እስከዚህ ያየነው የማወቅን ታሪክ ነው። የታወቀውን አዲስ እትም ወደ ማከማቻው ማስገባት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በማሽን የሚመለስ አይደለም። እዚህ ላይ የመንዝ ሰው ሳይቸገር የሚረዳው ምሳሌ አለ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለከብት መኖ የሚፈለግ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ነበር በሚባለው የቄሮ ሥርዓት መሠረት፥ የአስቦና የጌራ ባለርስቶች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ሜዳው ለሦስት፥ አንዳንዴም እስከ አምስት ተከታታይ ዓመት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ማደጉን ሁሉም ያየዋል፤ ማጨድ የሚቻለው ግን ሜዳው ሲከፈት ብቻ ነው። ሥርዓቱ የቆመበት የርስት መሠረት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲፈርስ ሜዳው ተጐድቷል፤ ኋላም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቁሞታል። ደቢያንም በ2000 «ቴስቲንግ» የተባለውን መካከለኛ ማከማቻ ከፍቶ፥ አዲሱ እትም መጀመሪያ «አንስቴብል» ከተባለው ገብቶ እንዲፈተሽ፥ ቀናት ቈይቶ ከባድ ጕድለት ካልተገኘበት ወደ ቴስቲንግ እንዲያልፍ፥ ጽኑው እትም ከመውጣቱ በፊትም በሩ ለወራት እንዲዘጋ አደረገ። መዝጋት ዋጋ አለው። በጁላይ 2002 ከወጣው 3.0 እስከ ጁን 2005ቱ 3.1 ድረስ ሦስት ዓመት ያህል በማለፉ ተጠቃሚው ክፉኛ አማርሮ ነበር።

መክፈትም እንዲሁ ዋጋ አለው። ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጢር መጠበቂያ በማርች 2012 ባወጣው እትም 1.0.1 ኋላ «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ገብቶ ነበር። ቀዳዳው ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ይፋ ሲሆን፥ አዲሱን የያዘው ደቢያን 7 ተጠቂ ሆኖ ሲገኝ አሮጌውን 0.9.8 ይዞ የቈየው ደቢያን 6 ምንም አልነካውም። ጠባቂውም ራሱ ውኃውን ሊያደፈርስ ይችላል። በ2006 በደቢያን ውስጥ በዚያው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ የተደረገ እርማት የዕጣ ቍጥር ማመንጫውን ስላሽመደመደው፥ ለአንድ ዓይነትና መጠን ሊፈጠሩ የሚችሉት ቍልፎች ወደ 32 ሺህ ገደማ ብቻ ወርደው ነበር። ይህ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ በሜይ 2008 ሲሆን፥ ያገኘው ሉቺያኖ ቤሎ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ኤክስዜድ ፋይል መጭመቂያ ነው፤ ለዓመታት የያዘውም በተግባር ላሴ ኮሊን የተባለ አንድ ሰው ነበር። ከ2021 ጀምሮ ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ፥ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ወገን በትሕትናና በትጋት እየረዳ እምነት አተረፈ፤ እትም የማውጣት ሥልጣንም አገኘ። በፌብሩዋሪ 2024 እትም 5.6.0ን፥ በማርች 5.6.1ን አወጣ። በነዚህ ውስጥ በርቀት ወደ ኮምፒዩተር ለመግባት የሚያስችል ስውር በር ተቀብሯል። የተንኰሉ ረቂቅነት እዚህ ላይ ነው፤ በሩን የሚከፍተው ቍራጭ ሁሉም በሚያየው የምንጭ መዝገብ ውስጥ አልነበረም፤ የተገኘው ለማከፋፈል ታሽጎ በወጣው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው። ዋች ፋይል የሚጠቁመው፥ ዩስካንም የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ጥቅል ነው። እንግዲህ ዘበኛው በታማኝነት የተመደበለትን ሥራ ቢፈጽም መርዙን ተሸክሞ የሚገባው ራሱ ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ሌላ ስምም ደቢያን አዲሱን 5.6.1 ቶሎ እንዲያስገባ ጠይቆ ነበር።

ማርች 29 ቀን 2024፥ ማለትም መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ መሐንዲስ የርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ምክንያቱን ሲፈልግ ያገኘውን ነገር ለዓለም አስታወቀ። መርዙ እስከ ደቢያን አንስቴብልና ቴስቲንግ፥ እስከ ፌዶራ የሙከራ እትሞች ደርሶ ነበር፤ ጽኑው ደቢያን 12 ግን 5.4.1ን ይዞ ስለነበር አልተነካም። ደቢያን ወደ አሮጌው ለመመለስ ያደረገው ነገር ከላይ ስለ ቍጥሮች ያልነውን ለሚያስታውስ አንባቢ ፈገግ ያሰኛል። ማሽኑ ወደ ታች መታደስ ስለማይቀበል፥ ፓኬጁ «5.6.1 በእውነቱ ግን 5.4.5» የሚል ትርጕም ያለው ቍጥር ተሰጠው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ አለማደስ ይሻላል» የሚል ካለ አልስማማም። በአንድ መሥሪያ ቤት፥ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፥ እየሠራ ስለሆነ አትንኩት ተብሎ ለዓመታት ያልታደሰ ሰርቨር አይቻለሁ፤ የታወቁ ቀዳዳዎቹን መዘርዘር ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። ጽኑው ደቢያን ሳይለወጥ ይቀመጣል ሲባልም፥ የደኅንነት እርማቶቹ በየጊዜው ወደ አሮጌው እትም ተመልሰው ስለሚሰፉለት ነው። እርማቱ የሚመጣው ግን በመስመር ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቈየበት ጊዜ፥ በመሐል ሜዳ ያለ ኮምፒዩተር ማደሻውን የሚያገኘው በፍላሽ ከሌላ ከተማ የሚያመጣለት ሰው ካገኘ ብቻ ነበር።

ጉዳዩ ለእኛ የደኅንነት ብቻ አይደለም፤ የፊደልም ነው። ፊደላችን ወደ ነፃው ሶፍትዌር ዓለም የገባው ቀደም ብሎ ነው። በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 የግእዝን ፊደል ይጽፍ ነበር፤ ዩኒኮድ በ1999 ባወጣው እትም 3.0 345 የግእዝ ፊደላትና ምልክቶችን ተቀበለ፤ የአማርኛ፥ የትግርኛና የሌሎችም ቋንቋዎቻችን የቀንና የቍጥር አጻጻፍ ደንብ በግእዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን አማካይነት ወደ ሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ገባ። በ2009 የወጣው ደቢያን 5.0 ደግሞ ገና ሲጫን ጀምሮ አማርኛ ይናገር ነበር።

ይሁን እንጂ የፊደሉ ምንጭ አልቆመም። በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ፥ ለመኤንና ለብሊን፥ በ2010 ለጋሞ፥ ጎፋ፥ ዳውሮ፥ ባስኬቶና ጉሙዝ የሚያስፈልጉ ቅርጾች ተጨምረው ቍጥሩ 495 ደረሰ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2021 በወጣው ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ 28 ተጨምረው 523 ሆነ። አዲስ የተመዘገበ ፊደል ግን በማያ ላይ የሚታየው የፊደል ቅርጽ ሠሪው ሥሎት አዲስ እትም ሲያወጣ፥ የፓኬጁ ጠባቂ ያንን አይቶ ሲያስገባ፥ የተዘጋውም በር ሲከፈት ነው። ደቢያን 11 የወጣው ኦገስት 14 ቀን 2021፥ ማለትም ከዩኒኮድ 14.0 በፊት ልክ በአንድ ወር ነው። ስለዚህ ቅርጽ ሠሪው በማግሥቱ ሥሎ ቢያወጣው እንኳ፥ በጽኑው እትም ብቻ የሚሠራ አንድ የጉራጊኛ ጸሐፊ ፊደሎቹ በሣጥን ፈንታ በቅርጻቸው ሊታዩት የሚችሉት ቢፈጥን ጁን 10 ቀን 2023 ደቢያን 12 ሲወጣ ነበር። «ባክፖርትስ» የተባለ የጎን ማከማቻ ይህን ጊዜ ማሳጠር ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ፓኬጅ ወደዚያ የሚገባው ፊደሉን የሚያውቅ፥ መጓደሉ የሚቈጨው አንድ ሰው ተነሥቶ ሲያዘጋጀው ብቻ ነው።