ከዳገቱ በፊት፦ የብስክሌት ታሪክ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ሲታይ



የትምህርት ክፍሉ የጋበዘኝ «የከተማ ታሪክ» በሚል ሰፊ ርእስ እንድናገር ነበር። እኔ ግን ከቤቴ ደጃፍ ልጀምር ብዬ አሰብሁ። የምኖረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነው። ከአራት ዓመት በፊት መኪናዬን ሸጥሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ግቢ የምመጣው በብስክሌት ነው። ዛሬም የመጣሁት በእርሱ ነውና ሱሪዬ ላይ የቅባት ምልክት ብታዩ አትደነቁ።

መኪናውን የሸጥሁት በመርሕ ተነሣሥቼ ነው ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ። የመለዋወጫው ዋጋና የመምህር ደመወዝ አልተስማሙም። ነገር ግን ከሸጥሁ በኋላ ጎረቤቶቼ «ጋሼ፣ ምን ደረሰብዎ?» ይሉኝ ጀመር። አንዲት እናት «እግዜር ይተካልዎ» ሲሉ መረቁኝ፤ መኪናውን ማለታቸው ነው። እኔም ታሪክ አስተማሪ ነኝና ነገሩን ወደ ሙያዬ ወሰድሁት፦ አንድ ጎልማሳ ሰው ብስክሌት ላይ ሲታይ መከራ የደረሰበት ተደርጎ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

የተለመደው መልስ ዳገት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ወጣ ገባ የበዛባት ከተማ ናት። ዳገቱ እውነት መሆኑን ልቤም ጉልበቴም በየቀኑ ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ በዚያው ዳገት ላይ አብዛኛው ነዋሪ ሸክሙን ይዞ በእግሩ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፤ ዛሬም በከተማችን ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው የእግር ጉዞ ነው። እግረኛን ያላስቆመ ዳገት ብስክሌትን ብቻውን አስቆመ ማለት አያሳምነኝም። በከፍታም ቢሆን አሥመራ ከእኛ ብዙም አታንስም፤ የብስክሌት ከተማ ግን ናት። በእርግጥ አሥመራ ሜዳማ ናት፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ከመሬቱ አቀማመጥ በፊት የምንመረምረው ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል።

መዛግብት ስለ ብስክሌት ብዙ አይነግሩንም፤ ስለዚህ ቋንቋን እንጠይቅ። ሰፈራችን ወዳለ ጎሚስታ ሂዱና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ፖምፓ፣ ካቴና፣ ፍሬን ሲል ትሰማላችሁ። ጎሚስታ የሚለው መጠሪያው ራሱ ጣሊያንኛ ነው። መኪና የምንለውም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ጠጋኙ አንድም ቀን ሮማን ሳያይ የሮማን ቃላት በየዕለቱ ይናገራል። ይህ የቃላት ክምችት ዕቃው በማን እጅ እንደተስፋፋ የሚያመለክት ሰነድ ነው።

የተስፋፋውም በመልካም ሁኔታ አልነበረም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ከተማዋን በዘር ለመክፈል ዕቅድ አወጣ። የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ተባለ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ይኸው ነው። ከመርካቶ ወዲያ ያለው ምዕራባዊ ሰፈር፣ ኮልፌን ጨምሮ፣ ከዚህ ገበያ ጋር የተሳሰረ ሕይወት ይዞ አደገ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ጎዳናው ላይ ማን በምን ይሄድ እንደነበር አስቡት። መንኰራኩሩ በአብዛኛው የገዢው ሲሆን እግሩ የተገዢው ነበር። በኤርትራ ደግሞ ቅኝ ገዢው የብስክሌት ውድድር ሲያዘጋጅ ተወላጁን አያሳትፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዲፎካከሩ በተፈቀደ ጊዜ ገብረማርያም ገብሩ የተባለው ኤርትራዊ አሸነፈ። ድሉ ከስፖርት ያለፈ ትርጉም እንደነበረው ለዚህ ጉባኤ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከነጻነት በኋላ ዕቃው የእኛም ሆነ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን፣ ቡድናችን የተወዳደረው በሩጫና በብስክሌት ነበር። ገረመው ደንቦባ በሜልበርን፣ ኋላም በ1952 ዓ.ም. በሮም አገሩን ወክሎ ጋልቧል። ብስክሌት በኦሊምፒክ ታሪካችን ከሩጫ እኩል በር የገባ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር? በዚያው በሮም ግን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ፤ ከዚያ ወዲያ የአገሪቱ ምስል እግር ሆነ። (ስለ እግር ካነሣን፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚያው ኮልፌ፣ በፖሊስ ማሠልጠኛው ነው። ከሥልጠናቸው አንዱ ትጥቅ ተሸክሞ ረጅም መንገድ በእግር መጓዝ ነበር። የሰፈሬን ዳገት ከእኔ በፊት ያወቁት ሰው ናቸው።)

አሁን ዋና ወደምለው ልምጣ፤ እርሱም 1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ናረ። ኔዘርላንድ ከጥቅምት 25 ቀን ጀምሮ በእሑድ ቀናት መኪና እንዳይነዳ ከለከለች፤ ሕፃናት በባዶው አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌት ተጫወቱ። በመኪና የሚቀጠፉ ልጆች ጉዳይ አስቀድሞ ያስቆጣቸው ወላጆችም ነበሩና፣ ሁለቱ ተደምረው የዚያችን አገር የመንገድ ፖሊሲ አዞሩት። ዛሬ «ደቾች በተፈጥሯቸው ብስክሌት ይወዳሉ» የሚባለው ከዚህ ትግል በኋላ የመጣ አባባል ነው፤ ከዚያ በፊት እነርሱም ለመኪና ሲሉ ሰፈር ያፈርሱ ነበር።

ያው የዋጋ ንረት እኛ ዘንድ ሲደርስ ያስከተለው ሌላ ነው። መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ 50 በመቶ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን መምህራንም የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው አድማ መቱ። ከቀናት በኋላ መንግሥት ጭማሪውን በከፊል ለመቀነስ ተገደደ፤ ነገሩ ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር። አብዮቱን የታክሲ ታሪፍ አመጣው እያልሁ አይደለም፤ ረሀቡን፣ መሬቱንና ሠራዊቱን ታውቃላችሁ። የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። አብዛኛው ሕዝቧ በእግሩ የሚሄድባት ከተማ በቤንዚን ዋጋ ይህን ያህል መናወጧ፣ በዚያ ሁሉ የመፈክርና የበራሪ ጽሑፍ ጎርፍ ውስጥ ደግሞ እኔ እስካነበብሁት ድረስ ለብስክሌትና ለእግረኛ መንገድ ይሠራ የሚል ጥያቄ አለመኖሩ ነው። የኔ ትውልድ ስለ መሬት ባለቤትነት ሲከራከር አደረ፤ ስለ አስፋልቱ ባለቤትነት ግን አልተከራከረም። መኪና የዕድገት ምልክት መሆኑን ንጉሣዊውም አብዮተኛውም እኩል ያምን ነበር።

ይህ የአገር ሁሉ ዕጣ እንዳልነበረ ባሕር ዳር ታስረዳለች። በጣና ዳር በተንጣለለው ሜዳ ላይ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ የቢሮ ኃላፊው ሁሉ ብስክሌት ይነዳ ነበር። በወጣትነቴ ለሥራ ሄጄ፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ያለምንም እፍረት በብስክሌት ገበያ ሲሄዱ አይቻለሁ። ኋላ ባጃጅ ሲበዛ ብስክሌቱ ቀነሰ፤ መሬቱ ግን ያው ሜዳ ነው። ዳገትን ምክንያት ለሚያደርጉ ሁሉ የምጠቅሰው ይህን ነው።

ስለ ቅርቡ ጊዜ በአጭሩ አልፋለሁ፤ ገና ታሪክ አልሆነምና። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ተዘጉ። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ጎዳናዎች የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን በመንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። እኔ በአዲሱ መስመር ስነዳ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ለዓመታት ጎማዬን ሲጠግን የኖረው ሰው ከመንገድ ዳር ተነሥቷል። መስመሩ ሲመጣ ጠጋኙ ሄደ። አሁን ያለበትን ቦታ የምናውቀው ጥቂት ደንበኞቹ ብቻ ነን።

ወደ ተማሪዎቹ ልመለስ። ይህ ታሪክ በመዝገብ ቤት የለም፤ ያለው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ዘንድ ነው። እነርሱ ደግሞ አርጅተዋል። መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ያደረግሁት ከታላቅ እኅቴ ጋር ነው። ልጆች ሳለን የቡሄ ሳንቲማችንን አጠራቅመን ሜዳ ላይ በዙር የሚከራይ ብስክሌት እንከራይ ነበር። ገንዘቡን ግማሹን ያዋጣችው እርሷ ነበረች፤ የጋለብሁት ግን እኔ ነኝ። እርሷ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች ሚዛን አስተማረችኝ። «ልጃገረድ ብስክሌት አትወጣም» ስለሚባል አንድም ዙር አልጋለበችም። ይህን ታሪክ ዕድሜዬን ሁሉ «ብስክሌት የተማርሁበት ቀን» እያልሁ ሳወራው ኖሬ፣ በመቅረጫው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የእርሷን ሰማሁ። የዙሩን ዋጋ፣ የአከራዩን ባርኔጣ፣ የብስክሌቱን ቀለም ሁሉ ታስታውሳለች። ለምን አንድ ዙር እንዳልጠየቀች ስጠይቃት ጥቂት ዝም ብላ፣ «ጠይቄ ነበር እኮ፤ አንተ ነህ እንቢ ያልኸው» አለችኝ።

ቅጂው በትምህርት ክፍሉ ይገኛል።