ቀሪዋ ደቂቃ የማን ናት?

ሐረሪዎች አስማዲን በሪ የሚሉት ሸዋ በር ከሐረር ግንብ ከጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠሩት የግንብ በሮች ሲመሽ ይዘጉ፣ ሲነጋ ይከፈቱ በነበረበት ዘመን፣ የገበሬውም የነጋዴውም ውሎ በእነሱ ይለካ ነበር። ሥራ የሚቆጠረው በቀን ነበር፤ ሙሉ ቀን ወይም ግማሽ ቀን። ሽርፍራፊዋን የሚጠይቅ አልነበረም።

ደቃቁን ጊዜ የሚቆጥሩ ግን ነበሩ። የዘመን ቆጠራው የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀንና ሌሊቱን ለ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን ለ60 ካልዒት ከፍለው፣ ዓመቱን 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ብለው መዘገቡ። 15ቱን ኬክሮስ «ትንሽ ናት» ብለው አልጣሏትም። በአራት ዓመት 60 ስትሞላ ጳጉሜን 6 ሆና ትከፈላለች። ተጠራቅማ አንድ ቀን ለመሆን 600 ዓመት የሚፈጅባትን 6 ካልዒት እንኳ ጽፈው አስቀመጡ። ቀሪ ይቆያል እንጂ አይጠፋም፤ የሒሳባቸው ሥርዓት ይህ ነው።

በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ የደቂቃ ሥርዓት ወደ ሐረር ደጃፍ ቀረበ። ዛሬ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በቀኑ ክፍል የሚሠራ ትርፍ ሰዓትም በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ሕጉ ሰዓትን ገንዘብ ስላደረገ፣ ደቂቃዋም የሠራተኛው ንብረት ናት።

አሁን በፊርማ መዝገቡ ቦታ የአሻራ መሣሪያና የደመወዝ ሶፍትዌር እየገቡ ነው። ችግሩ ሰዓት በ60፣ አሥርዮሽ ደግሞ በ10 መቆጠራቸው ነው። 15 ደቂቃ 0.25 ሰዓት ነው፤ ምንም አይቀርም። 20 ደቂቃ ግን 0.333 እያለ አያልቅም። ሶፍትዌሩ 0.33 ብሎ ከቆረጠው 12 ሰከንድ ጠፋች። በየቀኑ ከተደጋገመች በ26 የሥራ ቀን 5 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ትሆናለች፤ መቶ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ቀን ከነትርፉ ማንም ሳይሰርቀው ጠፋ ማለት ነው። ወደ ሩብ ሰዓት ዝቅ አድርጎ የሚያጠጋጋ ሥርዓት ከዚህ ይብሳል፤ በየቀኑ 14 ደቂቃ አምሽቶ የሚሠራ ሰው በ26 ቀን ከ6 ሰዓት በላይ ያጣል።

እንዲህ ያለ መቁረጥ የሚያደርሰው በሌላም ቦታ ታይቷል። በካናዳ የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1982 በ1000 የጀመረው ማውጫ፣ በየስሌቱ ከሦስተኛው አሥርዮሽ በኋላ ያለው ስለሚቆረጥ፣ በ1983 መጨረሻ 524 ገደማ ደረሰ። ሲታረም 1098 ሆኖ ተገኘ። ስህተቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲያጋድል፣ ኢምንት የነበረው የማውጫውን ግማሽ ይውጣል።

መድኃኒቱ ከአቅም በላይ አይደለም። መሣሪያው ደቂቃውን በሙሉ ቁጥር ይያዝ፤ ማጠጋጋት ካስፈለገ በወሩ መጨረሻ፣ ሳንቲሙ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። ደንቡም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይለጠፍ። 20 ደቂቃ 0.33 ተብሎ እንደተጻፈ የማያውቅ ሰው የጎደለበትን መጠየቅ አይችልምና።

በሸዋ በር በኩል ማለዳ ወደ ሥራ የሚወጣው ሰው ይዞት የሚወጣው ዋና ሀብት ቀኑ ነው። በ600 ዓመት አንድ ቀን የሚሞላውን ቀሪ የመዘገበ አገር፣ የወሩን ቀሪ ለባለቤቱ መመለስ አያቅተውም።