ጧሪ፣ ዳረጎትና የአንድ ደብዳቤ ታሪክ

«ጡረታ» የሚለው ቃላችን «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። አንድ ሰው ጧሪ ቀባሪ አለው ሲባል ልጅ ወይም ዘመድ አለው ማለት ነበር። ይህ የቤተ ዘመድ ቃል በ1950ዎቹ መጀመሪያ የነጋሪት ጋዜጣን ደጅ ተሻግሮ የመንግሥት ግዴታ መጠሪያ ሆነ። ለመሆኑ መንግሥት ማንን ሊጦር ተነሣ? ማንንስ ከደጅ ተወ?

ይህን እንድጠይቅ ያስገደደኝ የአክስቴ ልጅ ነው። የአዲስ ቅዳም ሰው ነው። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲሄዱ የሚገኘውን ይህን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ መንገደኛ ሁሉ በከሰሉ ያውቀዋል። ዲከረንስ የተባለው ዛፍ በየገበሬው ማሳ ተተክሎ፣ በጥቂት ዓመታት ደርሶ፣ ከስሎ በጭነት መኪና ይሄዳል። የአክስቴ ልጅ ግን መሬቱ ስላነሰችው አዲስ አበባ ገብቶ በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ተቀጠረ። በጥር 2009 ዓ.ም. የመጋዝ ማሽን የቀኝ እጁን 3 ጣቶች ወሰደበት።

ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጉዳት ዋስትና ገዝቶ ነበር። የካሳውን ጥያቄ ለዋስትና ሰጪው የላከው ግን በነሐሴ ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ አንድ ደብዳቤ ይዞ ቤቴ መጣ። ጉዳቱ በሥራ ላይ ስለ መድረሱ በወቅቱ የተመዘገበ ማስረጃ ባለመቅረቡ «ጥያቄውን ለማስተናገድ እንቸገራለን» ይላል። «አንተ የተማርህ ነህና ንገረኝ» አለኝ፤ «ይህ እሺ ነው ወይስ እምቢ?» ጣቱን ያጣው እሱ፣ የተቸገሩት እነርሱ!

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉና የንግድ ሕጉ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጁ። የድል በዓል መሆኑን ልብ ይሏል። በተከታዩ ታኅሣሥ የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ ከሙከራው ማግሥት የጡረታ ድንጋጌ ቁጥር 46/1953 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተተካ። ድንጋጌው የተጣደፈው ወታደሩንና ሹሙን ለማባበል ነው ብሎ የሚጠረጥር ቢኖር አልቃወመውም። የታቀፉት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሲቪሉና ወታደሩ ነበሩና። ከ1967ቱ ውርስ በኋላ የመንግሥት ድርጅቶች ሠራተኞች ተጨመሩ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን አዋጅ ቁጥር 715/2003ን መጠበቅ ነበረበት፤ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ማለት ነው!

በዚህ አዋጅ ሠራተኛው ከደመወዙ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጡ ነበር። በሥራ ላይ ጉዳት ከ10 በመቶ ያላነሰ አካሉ ተጎድቶ ለዘለቄታው መሥራት ያቃተው ሰው የደመወዙን 47 በመቶ አበል ያገኝ ነበር፤ መሥራት የሚችለው ደግሞ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነበረው። የአክስቴ ልጅ ድርጅት ግን ሠራተኞቹን አላስመዘገበም፤ ስለዚህ ከዚህ ደጅ ከመነሻውም አልደረሰም። የቀረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የተደነገገው የአሠሪው ኃላፊነት ነበር። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ሙሉ የአካል ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ ያስከፍላል፤ ከፊል ጉዳት በመቶኛው ልክ ይሰላል። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህን መሠረት አልለወጠም።

ሕጉ እንግዲህ አልጨከነም። ጭካኔው ያለው መዝገቡ በማን እጅ ነው በሚለው ላይ ነው። አደጋውን እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር እንዲያስታውቅ የታዘዘው አሠሪው ነው፤ ከፋዩም እሱ ነው። ባለዕዳ የዕዳ መዝገብ ሲይዝ ማን አይቷል? የከፋው ግን የሁለቱ ሰዓቶች ነገር ነው። በዋስትና ውል ላይ የሚነሣ ክስ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት የ2 ዓመት ይርጋ አለው። (አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ የዋስትናውን ክፍል አልነካውም፤ ዛሬም የምንዳኘው በ1952ቱ ነው።) ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ያለው ጊዜ ግን በመደበኛው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ዋስትና ሰጪና ድርጅት ተዝናንተው ሲጻጻፉ የቆሰለው ሰው ጊዜ ያልቃል። የአክስቴ ልጅ ደብዳቤውን ሲያሳየኝ 14 ወር አልፎ ነበር።

ያተረፈው የነሐሴው ደብዳቤ ግልባጭ ነው። ድርጅቱ ለዋስትና ሰጪው ሲጽፍ «ሠራተኛችን በሥራ ላይ ሳለ ለደረሰበት ጉዳት የሚገባው ካሳ እንዲከፈለው» ብሎ ነበር። በአዋጁ መሠረት ባለዕዳው የጠያቂውን መብት በግልጽ ካወቀ ይርጋው ይቋረጣል፤ ዓመቱም ከነሐሴ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ክሳችንን በሰኔ አቀረብን። የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን 22 በመቶ ብሎ ወሰነ፤ በሕጉ ስሌት የ13 ወር ደመወዝ ከጥቂት ቀናት ጋር ይሆናል። ከፍርድ በፊት ድርጅቱ የ8 ወር ደመወዝ አቀረበ። እኔ እንዳይቀበል መከርኩት። እሱ ግን ለቀጠሮ መመላለሻ የተበደረውን እየቆጠረ ነበርና ፈረመ። በግራ እጁ ነው የፈረመው።

አሁን አዲስ ቅዳም ተመልሶ በአባቱ ማሳ ከሰል ያከስላል። እዚያ አሠሪ የለም፤ ስለዚህ የሚመዘግብም፣ «እንቸገራለን» ብሎ የሚጽፍም የለም። ባለፈው ክረምት ስጠይቀው ጎረቤቱ ግንድ ወድቆበት እግሩ መሰበሩን ነገረኝ። እድሩ ምን አደረገ አልኩት። «እድራችን ለቀብር ነው እንጂ ለእግር አይደለም» አለኝ፤ ጎረቤቶቹ ግን ተራ ገብተው የሰውየውን ዛፍ ቆርጠው፣ አክስለው፣ ሸጠውለታል።