ሻርክ ይዞ መልቀቅ (ፍሎሪዳ)

በፍሎሪዳ ኪዝ ደሴቶች ለዕረፍት የሄደ ሰው ጀልባ ከነካፒቴኑ ተከራይቶ ሻርክ የሚያጠምድበት፣ የያዘውንም መልሶ ባሕር የሚለቅበት መዝናኛ ነው። የማጥመጃ ፈቃዱ በጀልባው በኩል ስለሚያዝ ተሳፋሪው የራሱን ማውጣት አይጠበቅበትም። የሻርክ ጥርስ ተራውን ክር ስለሚበጥስ መንጠቆው በሽቦ ይታሰራል። ክብ መንጠቆ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ የአፍ ጥግ ላይ ስለሚሰካ ነው፤ ሆድ ዕቃው ተወግቶ የተለቀቀ ሻርክ ተለቀቀ ማለት ይከብዳል። ታላቁ መዶሻ ራስ ሻርክ ደግሞ ለብቻው ይታያል። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ በፍሎሪዳ ውሃ ይዞ ማስቀረቱ ክልክል ነው፤ ሆኖም ሲታገል ክፉኛ ስለሚዝል ዋኝቶ ከሄደ በኋላም ሊሞት ይችላል። ጠንቃቃ ካፒቴን ትግሉን ያሳጥራል፤ ሻርኩን ከውሃ ሳያወጣ፣ በጀልባው ጎን እንዳለ መንጠቆውን ይነቅላል፤ ካልሆነም ሽቦውን አፉ ሥር ይቆርጣል። የማስታወሻ ፎቶውም ሻርኩ ውሃ ውስጥ እንዳለ ከጀልባው ላይ ወደ ታች ይነሳል።