ቀጥቃጩ ያልተጠራበት ውድድር

ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አሠርተውት፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ በሰው ጉልበት አስጎትተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አደረሱት።

የንጉሡ ሐሳብ ከመድፍም ያለፈ ነበር። አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ለአገሬው ልጆች ሙያውን እንዲያስተምሩ ይፈልጉ ነበር። የእነ ዋልድማየር ስም በታሪክ ተጽፏል። አብረዋቸው ወናፍ የነፉት፣ ብረት ያቀለጡት ኢትዮጵያውያን ግን ስማቸው እምብዛም አልተረፈም።

ለምን? በእጁ የሚሠራ ሰው ስሙ ስድብ ስለነበረ ነው። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን ለሚሠራለት ቀጥቃጭ ግን ልጁን አይድርም፤ «ቡዳ ነው» ብሎም ይሸሸዋል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አዋጁም ትምህርት ቤቱም በጎ ነበሩ፤ የሰውን ዓይን ግን አልቀየሩም። ለዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ያልመጣለት ልጅ «ቴክኒክና ሙያ ግባ» ሲባል ቤተሰቡ እንደ ውድቀት ነበር የሚያየው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ስፔን ከጦርነቷ ማግስት የባለሙያ እጥረት ሲገጥማት ወጣቶችንም ወላጆችንም ለማሳመን የመረጠችው መንገድ ውድድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ማድሪድ ላይ ወጣት ሠልጣኞችን አወዳደረች። በ1950 ፖርቱጋል ተጨመረች፤ ከየአገሩ 12 ወጣቶች ተሰለፉ። ዛሬ ወርልድ ስኪልስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር የተወለደው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ ሊዮን ሲካሄድ የዓለም ወጣቶች በ59 ሙያዎች ተወዳድረዋል።

በአገራችንም የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ከኮሌጅ ተነሥተው እስከ ክልልና አገር አቀፍ መድረክ ይወዳደራሉ። የውድድሩ ትልቅነት ከሽልማቱ ይልቅ በሥርዓቱ ላይ ነው። ለሁሉም አንድ ንድፍ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ እኩል ሰዓት ይሰጣል። ዳኛው የሚለካው የብየዳውን ጥራት እንጂ የልጁን ዘር አይደለም። አዋጅ በትእዛዝ ያልቻለውን፣ ውድድር በዓይን ያሳያል።

ግን አንድ ሰው ቀርቷል። ከመካነ ሰላም እስከ ለጋምቦና ተንታ ባለው ደጋ ማረሻ የሚቀጠቅጠው፣ ጀበና የምትሠራው፣ ከበግ ፀጉር ባና የሚሸምነው ባለሙያ ኮሌጅ ስላልገባ አይጠራም። የሙያ ብቃት ምዘናው ከትምህርት ቤት ውጭ የተገኘን ክህሎት ያውቃል፤ ውድድሩ የማያውቅበት ምክንያት የለም።

ቀጥቃጩ ካልተጠራ «የብየዳ ባለሙያ» ይከበራል፣ «ጠይብ» ግን እንደተሰደበ ይኖራል። ስሙን አሳምረን ንቀቱን አስቀመጥነው ማለት ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ በዞን ደረጃ አንድ የማረሻ፣ አንድ የሸክላ፣ አንድ የባና ዘርፍ ይከፈት። ገበሬው ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ፤ የትኛው ማረሻ እንደሚበልጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አሸናፊውም በአደባባይ በስሙ ይጠራ። በጋፋት የቀረው ይኸው ነበር።