የአጥር ምሰሶ ዕድሜ፦ ከጽድ እስከ መድኃኒት የጠጣ ባሕር ዛፍ

እንደሚታወቀው የአጥር ምሰሶ መበስበስ የሚጀምረው ከጫፉ ሳይሆን ከመሬቱ ወለል አካባቢ፣ እርጥበትና አየር ከሚገናኙበት ስፍራ ነው። ምስጡም በዚያው በኩል ይገባል። አባቶቻችን ይህንን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ለአጥር ጽድ ወይም ወይራ ይመርጡ ነበር፤ ሌላ እንጨት ከሆነ ደግሞ የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ለብለብ አድርገው ይተክሉ ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። መሬት ውስጥ ሲቀበር ግን ዕድሜው አጭር ነው። ጽዱ እየተመናመነ በሄደ ቁጥር አርሶ አደሩ አጥሩን በየጥቂት ዓመቱ ማደስ ግድ ሆነበት።

መፍትሔው የተገኘው በሌላ አገር፣ ለሌላ ሥራ ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 እንግሊዛዊው ጆን ቤቴል እንጨትን በግፊት መድኃኒት የማጠጣት ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ዘዴውም ከባቡር ሐዲድ ሥር ለሚጋደሙ እንጨቶች በሰፊው ዋለ። አሠራሩ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። በደንብ የደረቀ እንጨት በትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ይዘጋበታል፤ አየሩ በፓምፕ ተስቦ ከእንጨቱ ሳይቀር ይወጣል፤ ከዚያ መድኃኒቱ ይለቀቅና በከፍተኛ ግፊት ወደ ውስጥ ይገፋል። በብሩሽ የምንቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን (ብዙዎቻችን እንተማመንበታለን) ከላይኛው ገጽ ብዙም አያልፍም።

የቤቴል መድኃኒት ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ጥቁር ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ሕንዳዊው ሶንቲ ካሜሳን መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ ቀላቅሎ በውኃ የሚሟሟ መድኃኒት ሠራ። መዳቡ ብስባሴን፣ አርሴኒኩ ምስጥን ይከላከላል፤ ክሮሚየሙ ዝናብ በቀላሉ እንዳያጥባቸው ከእንጨቱ ጋር ያጣብቃቸዋል። አረንጓዴ መሰል ቀለሙም ከዚሁ የመጣ ነው።

መድኃኒቱ የሚገባው በውጫዊው ነጣ ያለ ክፍል እንጂ በእንጨቱ ልብ አይደለም። ስለሆነም እንደ ደካማ የምንቆጥረው ድቡልቡል ወጣት ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ከታከመ በኋላ ግን መጠረብ የለበትም፤ መቆረጡ ግድ ከሆነ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን።

አርሴኒክ መርዝ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ በኋላ አምራቾች ይህን መድኃኒት ለመኖሪያ ቤት እንጨት መጠቀም አቁመው በአብዛኛው በመዳብ ወደተሠሩ ሌሎች መድኃኒቶች ዞረዋል፤ ለእርሻ አጥር ምሰሶ ግን አልተከለከለም። ትልቁ አደጋ ምሰሶው አርጅቶ ሲነቀል ነው። ጭሱም አመዱም መርዝ ስለሆነ ምድጃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ አረንጓዴው ቀለም ከደበዘዘ በኋላ ግን በመልኩ ከማንኛውም ደረቅ ማገዶ አይለይም።